መኪናው ወደ ኋላ ሲመጣ

*በፒያሳ የመንገድ ሥራ ላይ በእግራቸው ቆመው የሚሠሩ ሰዎችና በመካከላቸው የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች*

ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት በ2016 ዓ.ም. የበልግና የክረምት ወራት ሌሊቱን አይተኛም ነበር። የፓውዛው ብርሃን አቧራው ላይ ተኝቷል። አፈርና ጠጠር የጫኑ ሲኖትራኮች ጥግ ጥጋቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ከታች ስካቫተር የቆፈረውን ያነሳል፤ ከላይ ሮሎ እየተመላለሰ መሬቱን ይጠቀጥቃል። በሁለቱ መካከል አካፋና ዶማ የያዙ ወጣቶች አሉ። አንዱ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ በክር ያስተካክላል፣ ሌላው ቱቦ ሊቀበርበት የተቆፈረ ቦይ ውስጥ ወርዶ ጭቃ ያወጣል፣ ሌሎች ሲሚንቶ ያቦካሉ። ጠርሙስ ውኃና ዳቦ ይዛ በመካከላቸው የምታልፍ ሴትም አትጠፋም።

ከዚያ የአንዱ መኪና ተራ ይደርሳል። ቦታው ስለማይበቃ ዞሮ መግባት አይችልም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል መምጣት አለበት። ረዳቱ ይወርድና ከኋላ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ «ና! ና! ና!» ይላል። ሾፌሩ የረዳቱን ድምፅ ይሰማል፤ ከረዳቱ ወዲያ ያለውን ሰው ግን አያይም። አጎንብሶ ድንጋይ የሚያስተካክለው ልጅም መኪናውን አያይም። የኋላ ማርሹ ጩኸት ጆሮው ይገባል፤ ነገር ግን በዚያ ሌሊት ሁሉም መኪና ይጮኻል። የትኛው ወደ እሱ እየመጣ እንደሆነ በጆሮው መለየት አይችልም።

በእነዚያ ወራት ስለ ፒያሳ ብዙ ተወርቷል። ስለ ዶሮ ማነቂያና ስለ እሪ በከንቱ ሰፈሮች፣ ስለ ፈረሱት ቤቶች፣ ተነስተው ወደ ዳር ስለሄዱት ነዋሪዎች፣ ስለ አዲሱ የእግረኛ መንገድና መብራት። ሁሉም ሊወራ የሚገባው ነው። ሥራውን በእጃቸው የሠሩት፣ በመኪኖቹ መካከል ቆመው ያደሩት ሰዎች ግን ከወሬው ውጭ ቀርተዋል።

ለማሽን እንግዳ ያልሆነ ሰፈር

ፒያሳን ያቀፈችው አራዳ ለመንገድ ማሽን አዲስ አይደለችም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠርቶት ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ፒያሳን ፒያሳ አሰኝቶ ሄደ። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ሥራ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቦታው ተነስቶ፣ በአካባቢው ባቡሩ የሚያልፍበት ዋሻ ተቆፍሮ፣ መስመሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ጀመረ። የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚያው ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። በቀጣዩ ወር፣ መጋቢት ላይ፣ መንገዶችንና ዙሪያቸውን እንደ አዲስ የሚሠራው የኮሪደር ልማት ማፍረሻ ማሽኖች ገቡ።

እንግዲህ ይህ ሰፈር ከአሥር ዓመት በላይ አንዴ ሲቆፈር አንዴ ሲሞላ የኖረ ነው። የኮሪደሩን ሥራ ከቀድሞዎቹ የለየው ፍጥነቱ ነበር። ሥራው በፈረቃ፣ ቀንም ሌትም፣ ሳምንቱን ሙሉ እንደሚሠራ ባለሥልጣናቱ በኩራት ተናግረዋል፤ የከተማው ሰውም በዓይኑ አይቷል። ለዓመታት ተጎትተው የሚቀሩ ፕሮጀክቶችን ለለመደ ነዋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍጥነቱን የማደንቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን ፍጥነት ሲጨምር በመኪናና በሰው መካከል ያለው ርቀት እንደሚጠብ፣ ርቀቱም የሚጠበው በሠራተኛው በኩል እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

ሾፌሩ የማያየው ቦታ

ከሲኖትራክ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሩቁን በደንብ ያያል። የማያየው ቅርቡን ነው። ከፊት መከላከያው ሥር የቆመ ሰው ከመስታወቱ በታች ይቀራል። በቀኝ በኩል፣ በር ሥር ያለው ደግሞ ከሾፌሩ ወንበር ተቃራኒ ስለሆነ ይበልጥ ይሰወራል። ከካሶኑ ቀጥታ ኋላ ያለው ቦታ በየትኛውም ስፖኪዮ አይታይም። ሰውየው ካጎነበሰ ወይም ከተቀመጠ የማይታይበት ቦታ ይሰፋል። የመንገድ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ጎንበስ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስካቫተር ሌላ አደጋ አለው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ፊት ለፊት ያለውን ባልዲ ነው። ማሽኑ ሲዞር ግን ከኋላው ያለው ከባድ ብረትም አብሮ ይዞራል። ሜዳ ላይ ከሆነ ሠራተኛው ገፋ ይል ይሆናል፤ ፒያሳ ላይ ግን ከማሽኑ ኋላ የድሮ ግንብ አለ። በግንቡና በማሽኑ መካከል አቋርጦ ለማለፍ የሞከረ ሰው የሚያመልጥበት ቦታ የለውም። ሮሎ ደግሞ ቀርፋፋ ስለሆነ ይናቃል። ሠራተኛው ጀርባውን ሰጥቶት ይሠራል፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ ከፊቱ ያለው ትልቅ ብረት እይታውን ይከልልበታል።

ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከደጎል አደባባይ ወደ ድልድዩ በሚወርደው መንገድ ላይ የቆመ የተጫነ መኪና ፍሬኑ ቢለቅ የሚያስቆመው ከጎማው ሥር የገባው ታኮ ብቻ ነው። ታኮ በሌለበት ድንጋይ ይደረጋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ድንጋዩ ጭቃው ላይ ይንሸራተታል። ካሶኑን ሽቅብ ያነሳ ገልባጭ ደግሞ ሰፈሩን እንደ ሸረሪት ድር ከሚያቋርጠው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ያኔ መሬት ላይ ቆሞ መኪናውን የነካ ሁሉ ይያዛል፤ ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ እስከቆየ ሊተርፍ ይችላል፣ መኪናውን ሳይለቅ መሬት የሚረግጠው ረዳት ግን የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው።

> የመንገድ ሠራተኛን የሚያሰጋው ከአጥሩ ውጭ የሚከንፈው ታክሲ ብቻ አይደለም፤ ከአጥሩ ውስጥ በዝግታ ወደ ኋላ የሚመጣው መኪናም ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች በመንገድ ሥራ ላይ በተሽከርካሪ የተገደሉ እግረኛ ሠራተኞችን ጉዳይ ሲያጠኑ፣ የሥራ ቦታው የራሱ መኪኖች የገደሉት ሰው ከውጭ የሚያልፉት መኪኖች ከገደሉት እንደማይተናነስ አግኝተዋል። ከሥራ ቦታው መኪኖች መካከል ደግሞ ብዙ ሰው የሚጎዳው ወደ ኋላ የሚሄድ ገልባጭ ነው። በኛ ከተማ የመንገድ አደጋ ሲነሳ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ይነገራል። በእግሩ ቆሞ መንገዱን የሚሠራው ሰውም እግረኛ እንደሆነ ግን ይረሳል።

በቢያጆ የሚለካ ሌሊት

ሾፌሮቹን ብትጠይቋቸው ስለ ቢያጆ ያወሯችኋል። ለብዙዎቹ ወይም ለመኪናው ባለቤት የሚከፈለው በምልልስ፣ ማለትም በቢያጆ፣ ነው። አፈር አንስቶ ከከተማ ዳር ደፍቶ የተመለሰ አንድ ብሎ ይቆጥራል። ከባድ መኪኖች በቀን በተወሰኑ ሰዓታት በመሀል ከተማ እንዳይንቀሳቀሱ ስለሚከለከሉ፣ ቢያጆ የሚቆጠረው በአብዛኛው በሌሊት ነው። ወረፋ ይዞ የቆመ ሰዓት አይከፈልበትም። ስለዚህ ተራው የደረሰ ሾፌር ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን ልይ አይልም። ከኋላው ያሉት ክላክስ ያደርጋሉ።

የቀን ሠራተኞቹ ሌላ ነገር ይነግሯችኋል። ከገጠር የመጣ ልጅ ጠዋት ከሚቆምበት ቦታ ተመርጦ ይሄዳል፤ ማን እንደቀጠረው የሚያውቀው በፎርማኑ የቅጽል ስም ነው። ሥራውን የያዘው ዋና ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጭ ሰጥቶ ይሆናል፤ ንዑስ ተቋራጩ ማሽኑን ተከራይቶ ይሆናል፤ የማሽኑ ሾፌር የሌላ ሰው ቅጥረኛ ነው። በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች የአራት የተለያዩ አሠሪዎች ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሾፌሩና ቆፋሪው በአንድ ፈረቃ አይገቡም፣ በአንድ ሰው አይታዘዙም፣ አንዱ የሌላውን የእጅ ምልክት አያውቅም።

አንጸባራቂ ሰደርያና ቆብን በተመለከተ ነገሩ የተደባለቀ ነው። በዋናው መንገድ ላይ፣ ካሜራም ጎብኚም በሚደርስበት፣ ብዙው ሠራተኛ ለብሶ ታያላችሁ። ወደ ውስጥ፣ ወደ ጓሮው የፍሳሽ መስመር ስትገቡ ነጠላ ጫማና የራስ ሹራብ ይበዛል። ሰደርያውም አቧራ ጠጥቶ ቀለሙ ከጠፋ በኋላ በሌሊት አያበራም።

ፎርማኖቹ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚማረሩት በእንቅልፍ ነው። የደከመ ልጅ ከቆመ መኪና ሥር ይጋደማል፤ ቀን ከሆነ ለጥላው፣ ሌሊት ከሆነ ለሞተሩ ሙቀት። ሾፌሩ መጥቶ ሞተር ያስነሳል። ይህን ሲናገሩ «አይጠነቀቁም» ብለው ይደመድማሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ማረፊያ ድንኳን ያለበት ሳይት ላይ ማንም መኪና ሥር አይተኛም።

ረዳቱ

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ እሱም ረዳቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነው። ጎማ ያጥባል፣ ታኮ ያስገባል፣ ሾፌሩን ሻይ ያመጣለታል፣ መንጃ ፈቃድ የማውጣት ተስፋ አለው። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የሾፌሩ ዓይን ይሆናል፤ ይህን ሥራ ግን ማንም አላስተማረውም። የሚቆመው ቀጥታ ከመኪናው ኋላ ነው፤ ይኸውም ሾፌሩ ፈጽሞ የማያየው ቦታ ላይ። ወደ ኋላ እየተራመደ ስለሚጠራ የራሱን እግር አያይም። ከኋላው ጉድጓድ ወይም የተጋደመ ብረት ካለ ይወድቃል። መኪናው ግን የረዳቱ ጩኸት ቢቋረጥም ወዲያው አይቆምም፤ ሾፌሩ ዝምታውን «ገና ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

በደንብ በተደራጀ ሥራ ላይ ደንቡ የተገላቢጦሽ ነው። ዝምታ ማለት ቁም ማለት ነው። ጠቋሚው ሰው በሾፌሩ በኩል፣ ወደ ጎን ወጣ ብሎ፣ በስፖኪዮው ውስጥ ሙሉ ለሙሉ እየታየ ይቆማል። ከስፖኪዮው በጠፋ ቅጽበት መኪናው ይቆማል። ለአንድ መኪና የሚጠቁመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሰደርያው ቀለምም ከሌሎቹ ይለያል። ይህን ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ወጪውም ከባድ አይደለም።

> ዝምታ ማለት ቁም ማለት ነው። ይህችን አንዲት ደንብ ማስተማር የአጥንት ስብራት ከማከም ይረክሳል።

ወጌሻና ሆስፒታል

እግሩ የተጨፈለቀ ሰው ሁሉ ቶሎ ሆስፒታል አይደርስም። አዲስ አበባ ለዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም፤ ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና ተብሎ የተቋቋመው አቤት ሆስፒታል አለ፣ ጥቁር አንበሳ አለ፣ ከፒያሳ ብዙም የማይርቁት የካቲት 12 እና ምኒልክ ሆስፒታሎች አሉ። ሆኖም ፈረቃው ሌሊት ነው፣ መኪናው የጭነት ነው፣ ከአደጋው በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት አስቀድሞ የተነገረው ሰው የለም። ተጎጂውን በላዳ ወይም በባጃጅ ጭኖ መሄድ የተለመደ ነው። አከርካሪው ወይም ዳሌው የተጎዳን ሰው አጥፎ ማስቀመጥ ጉዳቱን ያብሳል።

ስብራቱ ቀላል ከመሰለ ደግሞ ብዙዎች ወጌሻ ዘንድ ይሄዳሉ። ለውልቃትና ለቀላል ስብራት እጃቸው የተባረከ ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ድሃው የሚተማመንባቸውም በምክንያት ነው። የአጥንት ሐኪሞች አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት በመኪና ስለተጨፈለቀ እግር ነው። እንዲህ ያለው እግር ከውስጥ እያበጠ ይሄዳል። በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቀው ሲያስሩት ደም መተላለፊያ ያጣል፤ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል። በሀገራችን እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የጠበቀ እስር እንደሆነ የሀገር ውስጥ የቀዶ ሕክምና ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሊድን ይችል የነበረ እግር እንዲህ ይጠፋል።

«አልተጠነቀቀም» እና ሕጉ

ከአደጋ በኋላ በሳይት ላይ የምትሰሙት የመጀመሪያ ቃል «አልተጠነቀቀም» ነው። ፎርማኑ ይላታል፣ ጓደኞቹ ይሏታል፣ ተጎጂው ራሱ አልጋ ላይ ሆኖ «አልተጠነቀቅሁም» ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ከዚህ የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ። ተራ መዘናጋት እዚህ ውስጥ አይገባም። አዋጁ አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ መከላከያ እንዲሰጥ፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር መኖሩን ተነግሮት ያላስተካከለ አሠሪን ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ጥሎ መሄድ እንደሚችልም ይደነግጋል።

ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፈለዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከመቶ 75 ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከመቶ 50 ያላነሰ። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ከሆነ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። እዚህ ላይ ግን የቀን ሠራተኛው ሁለት ነገር ይጎዳዋል። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሀገሪቱ ስለሌለ፣ የትንሽ ደመወዝ አምስት እጥፍም ትንሽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ደመወዙ ስንት እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት አለመኖሩ ነው።

ወረቀት ባይኖርም መብቱ አይጠፋም። አዋጁ የቃል ውልን ይቀበላል፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ አለመስጠቱ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ጓደኞቹ ምስክር ይሆናሉ። በሌላ በኩል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የማሽንና የተሽከርካሪ ባለቤትን፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ በኪራይ መኪና የተገጨ ሠራተኛ «ማሽኑ የኛ አይደለም» ሲባል ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ጊዜው ግን አጭር ነው። በአሠሪው ላይ ለሚቀርብ ጥያቄ በመርህ ደረጃ አንድ ዓመት፣ ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሳ ክስ ሁለት ዓመት ነው።

በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ የመድኃኒት ይከፈላል፣ ለመሳፈሪያ ተብሎ ገንዘብ ይሰጣል፣ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አሻራ ይደረጋል። ልጁ አገሩ ይገባል። ዓመቱ የሚያልቀው ክራንች ተደግፎ ቤተሰቡ ዘንድ ተቀምጦ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ሲጠየቅ

ሰው ከሞተ ፖሊስ ይመጣል፤ ሾፌሩም ይያዛል። በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በእሱ ላይ ይጠቀሳል። ካጠፋ መጠየቁ ትክክል ነው። የሚያሳዝነኝ ጥያቄው እዚያው ላይ መቆሙ ነው። መኪናው ወደ ኋላ እንዲመጣ ያደረገው ማን ነው? መዞሪያ እንዳይኖር አድርጎ ሳይቱን የነደፈው ማን ነው? የጠርዝ ድንጋይ የሚያስተካክሉትንና አፈር የሚያመላልሱትን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መስመር ላይ ያሰማራቸው ማን ነው? እነዚህ ውሳኔዎች የተላለፉት በቢሮ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ ማንም ሳይቸኩል ነው። አደጋው የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ሾፌሩ መጨረሻው ላይ የደረሰ ሰው ነው።

ልምድ ያላቸው የሳይት መሐንዲሶች መፍትሔውን ያውቁታል። ከሁሉ የሚበልጠው መኪና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ማድረግ ነው፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣበት መስመር መሥራት። ፒያሳ ላይ ይህ ሁልጊዜ አይቻልም፤ በማይቻልበት ጊዜ ሥራውን በሰዓት መለየት ይቻላል። ገልባጮቹ ሲገቡ ቆፋሪዎቹ ይወጣሉ፤ ገልባጮቹ ሲወጡ ይመለሳሉ። የሠራተኛው መተላለፊያ በገመድ ሳይሆን በጠንካራ አጥር ይለያል።

ይህ ሁሉ ለምን በብዛት አይደረግም? መሐንዲሶቹ የሚሰጡት መልስ ስለ ውል ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር መደበኛ የሥራ መግለጫ ስለ ትራፊክ ማስተናገጃ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ማለፊያ መንገድ፣ ምልክት፣ ባንዲራ ያዥ የሚለካና የሚከፈልበት ሥራ ነው። ትኩረቱ ግን በአብዛኛው በሳይቱ በኩል ለሚያልፈው ሕዝብ ነው። በአጥሩ ውስጥ ያለው የመኪናና የሰው አመዳደብ «ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያደርጋል» ከሚባሉት ጋር ሲደባለቅ፣ ጨረታውን በአነስተኛ ዋጋ ያሸነፈ ተቋራጭ መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነው። የሚከፈልበት ሥራ ይሠራል፤ የማይከፈልበት ይዘለላል።

ስለዚህ ጥያቄው ከሰደርያ በፊት መነሳት አለበት። የመኪና መዞሪያው፣ የሠራተኛ መተላለፊያው፣ የሠለጠነው ጠቋሚ፣ የማረፊያ ድንኳኑ እያንዳንዳቸው በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። አማካሪ መሐንዲሱ እንደ አስፋልቱ ውፍረት ይለካቸው፤ ከሌሉ ክፍያውን አይፈርም።

የኮሪደሩ ሥራ ከፒያሳ አልፎ ካዛንቺስን፣ የወንዝ ዳርቻዎችን፣ ከዚያም የክልል ከተሞችን ይዟል። ጎንደርም የራሷ ፒያሳ አላት፤ እዚያም መንገዱ ጠባብ ነው፣ እዚያም ሌሊት ይሠራል፣ እዚያም ከገጠር የመጣ ልጅ አካፋ ይዞ ከገልባጭ ኋላ ይቆማል። የእነዚያ ከተሞች አማካሪ መሐንዲሶች በዚህ ሳምንት የሚፈርሙት የክፍያ ሰነድ ላይ የመኪና መዞሪያ የሚል መስመር አለ ወይ?